ዝናብ ሳይዘንብ የሚንጠባጠብ ጣራ፦ በጅማ የቆርቆሮ ቤቶች ከኮርኒስ በላይ አየር የማዘዋወር ሥራ

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ዝናቡ ቆሟል፣ ሰማዩ ጠርቷል፤ ጠዋት ሲነሱ ግን አልጋ ልብሱ ላይ ጠብታ፣ ኮርኒሱ ላይ ደግሞ ቡናማ እድፍ ይታያል። ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ ቆርቆሮ ሠሪ ይጠራል። ሠሪው የምስማሮቹን አናት በሲሊኮን ይደፍናል፣ ሁለት ሦስት ቆርቆሮ ይቀይራል፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። በሳምንቱ ጠብታው ይመለሳል። ጣራው አላፈሰሰም፤ አልቦታል።

ጅማ ለዚህ የተመቸች ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ሆና በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ክረምቱ ሲወጣ መሬቱ ገና ውሃ እንዳዘለ ነው፤ ሰማዩ ግን ይገለጣል። ደመና በሌለበት ሌሊት ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ በዙሪያው ካለው አየር እንኳ በጥቂት ዲግሪ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። 20 ዲግሪ የሞቀ አንድ ሜትር ኪዩብ አየር እስከ 17 ግራም ውሃ በእንፋሎት መልክ መሸከም ይችላል፤ ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ግን አቅሙ ከ9 ግራም ብዙም አይዘልም። የተረፈው ቆርቆሮው ሆድ ላይ ጤዛ ይሆናል። አዌቱ ወንዝ ዳር ወይም ወደ ቦዬ ረግረግ የተጠጉ ቤቶች ላይ ጭጋጉ ሲጨመርበት ይብሳል።

አንድ ነገር አስቀድሞ ይታወቅ። አየር ማዘዋወር ጤዛን ፈጽሞ አያጠፋም። ክፍት ዳስ ላይ የተመታ ቆርቆሮም በጠራ ሌሊት ያልበዋል። አየሩ የሚሠራው ሌላ ነው፤ ከቤት የሚወጣውን እንፋሎት ቆርቆሮው ላይ ሳይከማች ይወስደዋል፣ የታየውን ጤዛም ረፋዱ ላይ ያደርቀዋል። ልዩነቱ እንጨቱ በየቀኑ ደርቆ በማደርና ወር ሙሉ ረጥቦ በመክረም መካከል ነው።

መጀመሪያ፦ ማፍሰስ ነው ወይስ ማላብ?

ይህን ሳይለዩ መዶሻ ማንሳት ገንዘብ መበተን ነው። ዝናብ ካልዘነበ ቢያንስ ሁለት ቀን ያለፈው፣ ሌሊቱም ጠርቶ ያደረ አንድ ጠዋት ምረጡ። ንጋት 12 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ጣራውን ሳትነካው፣ የኮርኒሱን መውጫ ከፍታችሁ በባትሪ ተመልከቱ።

ያላበው ጣራ የቆርቆሮው ሆድ በሙሉ ወይም በሰፊው የተነዛ ጥቃቅን ጤዛ ይይዛል። ወደ ውስጥ ዘልቀው የወጡት የምስማር ጫፎች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጠብታ አንጠልጥለው ይታያሉ፤ ብረት ከእንጨት ቀድሞ ይቀዘቅዛልና። ቆርቆሮው የተመታበት ሞራሌ የላይኛው ጠርዙ ጠቁሯል ወይም ነጭ ሻጋታ አውጥቷል። ጠብታው የሚበዛው ንጋት ላይና ፀሐይ ቆርቆሮውን ማሞቅ ስትጀምር ነው።

የሚያፈስ ጣራ ግን እርጥበቱ አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ከዚያ ቦታ ወደ ታች በወራጁ (ሞራሌውን በተሸከመው ሰያፍ እንጨት) ላይ የወረደ የውሃ መንገድ አለው፣ የሚያንጠባጥበውም ሲዘንብ ወይም ዝናብ ባባራ ሰዓት ነው። ከተጠራጠራችሁ በደረቅ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዱ በጎማ ውሃ ያፍስስ፣ አንዱ ውስጥ ሆኖ ይመልከት። ከጣራው ግርጌ ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ፤ እያንዳንዱን ቦታ 10 ደቂቃ ያህል አጠጡ። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ወርዶ ሁሉንም ስለሚያርስ ቀዳዳው የትኛው እንደሆነ አትለዩም። ሁለቱም ችግር በአንድ ጣራ ላይ ሊኖር ይችላል፤ እንደዚያ ከሆነ ማፍሰሱን አስቀድሙ።

ሁለተኛ፦ እንፋሎቱ ወደ ላይ እንዳይወጣ

ከታች እየተጫነ የሚወጣ እንፋሎት ካልቀነሰ የትኛውም ቀዳዳ አይበቃም። ተኝቶ የሚያድር አንድ ሰው በትንፋሹና በላቡ በሰዓት 40 ግራም ገደማ ውሃ ያወጣል። ስድስት ሰው ስምንት ሰዓት ቢተኛ ሁለት ሊትር ሊሞላ ምንም አይቀረው። ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ጋር አንድ ጣራ ሥር ከሆነ የምጣዱና የድስቱ እንፋሎት ይጨመርበታል።

በጅማ ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበው ምንጭ አለ፤ ቡና። የቡና ለቀማና የጣራ ላቦት ወቅት አንድ ላይ ይገጥማሉ። በደንብ ሳይደርቅ፣ በ20 በመቶ እርጥበት ቤት የገባ አንድ ኩንታል ቡና ወደ 11 በመቶ እስኪወርድ ድረስ 10 ሊትር ውሃ ይለቃል። አምስት ኩንታል እልፍኝ ውስጥ ከደረደራችሁ 50 ሊትር ውሃ ጣራችሁ ሥር አስቀምጣችኋል ማለት ነው። ጠብታው ደግሞ ተመልሶ እዚያው ጆንያ ላይ ይወርድና ቡናው ይሻግታል። ቡናው ውጭ በማድረቂያ አልጋ ላይ ይድረቅ፤ ቤት ሲገባ ከግድግዳ ቢያንስ 30 ሴ.ሜ ርቆ፣ ከወለል በእንጨት ርብራብ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ኮርኒስ ላይ ግን በፍጹም አይቀመጥ።

ቀጥሎ ኮርኒሱን ዙሪያውን አስሱ። የመብራት ሽቦ የገባበት ቀዳዳ፣ ኮርኒሱ ከግድግዳ ጋር የሚገናኝበት ስንጥቅ፣ ክዳኑ በትክክል የማይገጥም መውጫ፣ እነዚህ ሁሉ የእንፋሎት ጭስ ማውጫ ናቸው። ጠባቡን በሲሊኮን ወይም በጂፕሰም፣ ሰፊውን በቀጭን ጣውላ ዝጉ። የመውጫው ክዳን ዙሪያውን የስፖንጅ ጥብጣብ ይለጠፍበት። ኮርኒሱ አቡጀዲ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ከሆነ ስንጥቅ መድፈን ትርጉም የለውም፤ ጨርቁ ራሱ ሁለንተናው ቀዳዳ ነው። እንዲህ ባለ ቤት የአየር መግቢያና መውጫውን ስፋት ከዚህ በታች ከሚወጣው ስሌት በአንድ ሦስተኛ አብዙት።

የመታጠቢያ ቤት ወይም የማድ ቤት አየር ማስወጫ ቱቦ ኮርኒስ ላይ ብቻ ደርሶ የቀረባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። ከዚህ የባሰ ስህተት የለም። ቱቦው ቆርቆሮውን አልፎ ቢያንስ 30 ሴ.ሜ ወደ ላይ ይውጣ፣ ኮፍያም ይደረግለት። ቀዳዳው በቆርቆሮው ጉባ ላይ ይበጅ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ሸለቆ ላይ አይሁን።

የከሰል ምድጃ ቤት ውስጥ የሚያነዱ ሰዎች አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ኮርኒሱን ስትዘጉ ሽታ አልባው መርዛማ ጋዝ የሚወጣበትም ይዘጋል። ምድጃው ውጭ ካልወጣ ወይም መስኮት ካልተከፈተ ይህን ሥራ አትጀምሩ።

ሦስተኛ፦ ስሌቱ

በብዙ አገር የግንባታ ደንብ የሚሠራበት መለኪያ ቀላል ነው፤ የኮርኒሱን ስፋት ለ150 አካፍሉ። የሚገኘው ቁጥር አየር በነፃ የሚያልፍበት የክፍተት ድምር ነው። ግማሹ ከታች ከጣራው ክፈፍ (ከግድግዳው አልፎ ከሚወጣው የጣራ ዳር)፣ ግማሹ ከላይ ከጣራው አናት ይሁን።

ቤቱ 8 በ6 ሜትር ቢሆን ኮርኒሱ 48 ሜትር ካሬ ነው። ለ150 ሲካፈል 0.32 ሜትር ካሬ፣ ማለትም 3,200 ሴ.ሜ ካሬ ይሆናል። ስለዚህ ከታች 1,600፣ ከላይ 1,600። የታችኛው በሁለቱ ረጃጅም ጎኖች ሲከፈል ለእያንዳንዱ 800 ይደርሰዋል።

«ነፃ» የሚለው ቃል ላይ ብዙ ሰው ይስታል። ወንፊት ቀዳዳውን ያጠባል። ዓይኑ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ የሽቦ ወንፊት ሩቡን ያህል ይወስዳል፤ የትንኝ ወንፊት ግማሹን፣ አቧራ ሲይዝ ከዚያም በላይ። ሁልጊዜ ከወንፊቱ በኋላ የሚቀረውን ቁጠሩ።

ከዚህ ስሌት አንድ ነገር ይገባችኋል። አንዳንድ ቤት ላይ ግድግዳው አናት አንድ ባለ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ ተቀብሮ «አየር ማስወጫ አለን» ይባላል። የዚያ ቱቦ አፍ 90 ሴ.ሜ ካሬ እንኳ አይሞላም። ለምሳሌያችን ቤት የላይኛው መውጫ ብቻ 18 እንደዚያ ያለ ቱቦ ይፈልጋል።

አራተኛ፦ የታችኛው መግቢያ

አሮጌ የጭቃ ቤቶች ሲሠሩ በግድግዳው አናትና በቆርቆሮው መካከል ክፍተት ነበራቸው። ብርድ፣ አቧራና አይጥ ሲያስቸግር ሰው በጭቃ መረገው፣ በጨርቅ ወተፈው ወይም በላስቲክ ሸፈነው። ስለዚህ በብዙ ቤት ሥራው አዲስ ነገር መጨመር ሳይሆን የተደፈነውን መልሶ መክፈት ነው።

በሁለቱም ረጃጅም ጎኖች፣ ከዳር እስከ ዳር፣ 2.5 ሴ.ሜ ቁመት ያለው ክፍተት አውጡ። 8 ሜትር ርዝመት ላይ 2,000 ሴ.ሜ ካሬ ይሆናል፤ ወራጆቹ የሚይዙትና ወንፊቱ የሚወስደው ሲቀነስ እንኳ ከሚፈለገው 800 ይበልጣል። ክፍተቱ ከኮርኒሱ በላይ መሆኑን አረጋግጡ፤ ከኮርኒስ በታች ከከፈታችሁ ብርዱ ቀጥታ መኝታ ቤት ይገባል። ጭቃውን በመሮ ቀስ እያላችሁ አንሱት፣ በመዶሻ አትምቱት፤ የግድግዳው አናት ከተናጋ ልስኑ እስከ ታች ይሰነጠቃል።

የብሎኬት ቤት ከሆነና በወራጆች መካከል ያለው ቦታ በብሎኬት ከተዘጋ፣ በየጎኑ 10 በ30 ሴ.ሜ የሆኑ አራት ቀዳዳዎች በእኩል ርቀት ክፈቱ። የትንኝ ወንፊት ካደረጋችሁ ስድስት ይሁኑ። የክፈፉ ሆድ በቺፕውድ ወይም በፒቪሲ የተለበጠ ከሆነ ደግሞ ልባጡን ከፋሻ ቦርዱ (በጣራው ዳር ከተመታው ጣውላ) 5 ሴ.ሜ ገባ ብላችሁ በርዝመቱ ቁረጡት፤ ውስጥ ከግድግዳው አናት በላይ መንገዱ ክፍት መሆኑን ካላያችሁ ግን ልባጡን መቁረጥ ብቻውን ዋጋ የለውም።

አንድ ጎን ብቻ መክፈት የተለመደ ስህተት ነው። ነፋሱ ከሌላው ጎን ሲመጣ ያ ቤት አየር የለውም።

አምስተኛ፦ የላይኛው መውጫ

ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ መውጫ ካጣ እዚያው ቆሞ ቆርቆሮውን ያረጥበዋል። ምን እንደምትሠሩ የሚወስነው የጣራው ቅርጽ ነው።

ጣራው በሁለት ወገን ብቻ የሚያዳፋ ከሆነ፣ በሁለቱ ጫፎች ያሉት ባለ ሦስት ማዕዘን ግድግዳዎች ምርጥ ቦታ ናቸው። በእያንዳንዱ ላይ 40 በ50 ሴ.ሜ መስኮት፣ በተቻለ መጠን ወደ ጫፉ ተጠግቶ ይከፈት። የመስኮቱን ክፈፍ ከሞራሌ ሥሩ። ዝናብ የሚመልሱትን ክንፎች ግን ከጣውላ አትሥሩ፤ 2 ሴ.ሜ ውፍረት ያለው ጣውላ አጋድማችሁ ስትደረድሩ መካከሉ ጣት የማያስገባ ይሆናል። ከላሜራ ይሠሩ፤

እያንዳንዱ ክንፍ 7 ሴ.ሜ ስፋት፣ 44 ሴ.ሜ ርዝመት ይኑረው፤ በግራና በቀኝ 2፣ 2 ሴ.ሜ ታጥፎ ለምስማር ይሁን። 45 ዲግሪ ወደ ውጭ አዘንብሉት። ከአንዱ እስከ ሌላው በቁመት 4 ሴ.ሜ አድርጉ፤ ለ50 ሴ.ሜ ቁመት 12 ክንፍ ይበቃል። እንዲህ ሲሆን የላይኛው ክንፍ የታች ጠርዝ ከሥሩ ካለው ክንፍ የላይ ጠርዝ በ1 ሴ.ሜ ዝቅ ይላል፤ ከውጭ በትይዩ ስትመለከቱ ውስጡ መታየት የለበትም። የሚታይ ከሆነ ነፋስ የሚገፋው ዝናብ ይገባል። የትኛው ግድግዳ በዝናብ እንደሚመታ ለማወቅ ቀለሙን ተመልከቱ፤ በጣም የቆሸሸው እሱ ነው፣ በዚያ በኩል ከመስኮቱ በላይ 20 ሴ.ሜ የምትወጣ የቆርቆሮ ጥላ ጨምሩ። ሌባ የሚያሰጋችሁ ከሆነ ከውስጥ በኩል ሁለት ባለ 10 ፌሮ አቋርጡበት።

ጣራው በአራቱም ወገን የሚያዳፋ ከሆነ ሦስት ማዕዘን ግድግዳ የለም፤ መውጫው በኮልሞው (በጣራው ጀርባ ላይ በሚደፋው ቆርቆሮ) ሥር ይሆናል። እዚህ ላይ ነገሩ ቀላል ሊሆን ይችላል። ሞገደኛ ቆርቆሮ 2 ሴ.ሜ የሚጠጋ ጥልቀት ስላለው ኮልሞው ሲደፋበት በሞገዶቹ መካከል ሽንቁር ይቀራል፤ በአንድ ሜትር ርዝመት በሁለቱ ወገን ሲደመር 180 ሴ.ሜ ካሬ ገደማ ይመጣል። ግን ሁለት ነገር ይዘጋዋል። አንዱ፣ ሠሪው «ዝናብ እንዳይገባ» ብሎ በሲሚንቶ የሞላው ነው፤ አስነሡት። ሌላው፣ የግራና የቀኝ ቆርቆሮዎች አናት ላይ ተነካክተው ወይም ተደራርበው መንገድ አለመስጠታቸው ነው፤ በየወገኑ 3 ሴ.ሜ ይቆረጡ። ኮልሞው ከዚያ በኋላ በየወገኑ ቢያንስ 15 ሴ.ሜ ቆርቆሮውን መሸፈን አለበት። የማይደርስ ከሆነ ሰፋ ያለ ኮልሞ አሳጥፉ፣ በጠባቡ አትጨናነቁ። የዚህ ጣራ ኮልሞ ከቤቱ ርዝመት ስለሚያጥር ስሌቱን በኮልሞው ርዝመት አስሉ፤ ካልሞላ በሰያፎቹ ጠርዞች ላይ የሚደፉት ኮልሞዎች የላይኛው አንድ ሜትርም እንዲሁ ይከፈት።

ስትቆርጡ የቆርቆሮ መቀስ ይሁን እንጂ የሚሽከረከር ዲስክ አትጠቀሙ። የዲስኩ ሙቀት ዚንኩን ያቃጥለዋል፣ የተፈናጠረው የብረት ብናኝም በሰፊው ጣራ ላይ ተጣብቆ በጥቂት ሳምንት ዝገት ያበቅላል። ጣራው አሮጌ ኤተርኒት (አስቤስቶስ ያለበት የሲሚንቶ ክዳን) ከሆነ ግን በምንም አትቁረጡት፣ አትብሱት፤ ብናኙ ለሳንባ አደገኛ ነው።

ወንፊት

ደህና ኮርኒስ ባለው ቤት 5 ሚሊ ሜትር ዓይን ያለው ጋልቫናይዝድ ሽቦ ይበቃል። የሚከለክለው ወፍ፣ የሌሊት ወፍና አይጥ ነው፤ ትንኝን የሚከለክለው የተደፈነው ኮርኒስ ነው። ኮርኒስ በሌለው ቤት ግን በጅማ ወባ ስላለ የትንኝ ወንፊት ግዴታ ነው፤ ክፍተቱን በዚያው ልክ አስፉ። ከቡና ማድረቂያ አልጋ የተረፈ ዓይኑ ሰፊ ሽቦ መጠቀም ያጓጓል፤ አይሆንም፣ የአይጥ ግልገል በእጅ ጣት ስፋት ቀዳዳ ይገባል። ወንፊቱን ከውስጥ በኩል በቀጭን ጣውላ አጣብቃችሁ ምቱት፤ ለጽዳት የሚነቀል ይሁን።

ቆርቆሮው የሚነሣ ከሆነ

አዲስ ቤት እየሠራችሁ ወይም ቆርቆሮ እየቀየራችሁ ከሆነ ሌላ ጊዜ የማይገኝ ዕድል አላችሁ፤ ከቆርቆሮው ሥር ወፍራም ላስቲክ አንጥፉ። በወራጆች ላይ በአግድም ይዘርጋ፤ ከግርጌ ጀምራችሁ ወደ ላይ፣ የላይኛው የታችኛውን በ15 ሴ.ሜ እየደረበ። በሁለት ወራጆች መካከል ከ2 እስከ 3 ሴ.ሜ ረገብ ይበል፤ ጠብታው በዚያ ቦይ ወርዶ ወደ አሸንዳው ይፈስሳል። ከላዩ በየወራጁ በቁመት ቀጭን ጠርብ መትታችሁ ሞራሌውን በዚያ ላይ አድርጉ፤ ያለዚያ ሞራሌው ላስቲኩን ተጭኖ ውሃውን ይገድበዋል። የላስቲኩ ጫፍ አሸንዳ ውስጥ ካልገባ ውሃው ግድግዳችሁ አናት ላይ ይወርዳል። ላስቲኩ ኮልሞው ጋ ሳይደርስ በየወገኑ 5 ሴ.ሜ ይቅር፤ እስከ ጫፍ ከዘጋችሁት መውጫውን በገዛ እጃችሁ ደፈናችሁት።

እርጥብ ባሕር ዛፍ ላይ ቆርቆሮ አትምቱ። ትኩስ የተቆረጠ ግንድ ውሃውን የሚለቀው ወራት ፈጅቶ ነው፤ አዲስ ቤት በመጀመሪያው ዓመት አብዝቶ የሚያልበው በአብዛኛው በዚህና ባልደረቀ ልስን ምክንያት ነው። ተደራርቦ በዝናብ የቆየ ቆርቆሮም በመካከሉ ነጭ ዝገት ያወጣል፤ ሲገዙ ገልጦ ማየት ነው።

ሲወጡ

የመብራት ቆጣሪውን አጥፉ፤ ኮርኒስ ላይ ያሉ ሽቦዎች አይጥ የበላቸው ይኖራሉ። መሰላሉ ለ4 ሜትር ቁመት እግሩ 1 ሜትር ይራቅ፣ አንድ ሰው ይያዘው። ቆርቆሮ ላይ ስትረግጡ የምስማር መስመር ያለበትን ተከተሉ፤ ሥሩ ሞራሌ አለ። ጠዋት ጤዛ ሳለ አትውጡ። የሌሊት ወፍ ኩስ ካለ አፍና አፍንጫ ሸፍናችሁ፣ ውሃ አርከፍክፋችሁ ጥረጉ፤ ደርቆ የሚቦንነው ሳንባ ይጎዳል።

መሥራቱን ማረጋገጫ

ፀሐይ ቆርቆሮውን ባሞቀችበት እኩለ ቀን ላይ ጥቂት ዕጣን ማጨሻው ላይ አድርጋችሁ ከታችኛው ክፍተት አጠገብ ያዙት፤ ከሚቀጣጠል ነገር ይራቅ። ጭሱ ወደ ውስጥ መሳብ አለበት። ወደ ፊታችሁ ከተመለሰ የላይኛው መውጫ ጠቧል ወይም መካከል ላይ የተዘጋ ነገር አለ። ከዚያ በጠራ ሌሊት ማግስት ሁለት ጊዜ ተመልከቱ፤ ንጋት 12 ሰዓት ላይና ረፋድ 4 ሰዓት ላይ። ንጋት ላይ ትንሽ ጤዛ ቢኖር አትደንግጡ። 4 ሰዓት ላይ ሞራሌው በእጅ ሲዳሰስ ደረቅ ከሆነ ሥራው ሠምሯል። እርጥብ ከሆነ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ተመለሱ፤ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከቀዳዳው ማነስ ይልቅ ከኮርኒሱ ስንጥቅ ነው። ማራገቢያ ገዝቶ ኮርኒስ ላይ መትከልም መፍትሔ አይደለም፤ ስንጥቁ ሳይደፈን የሚያንቀሳቅሰው አየር የመኝታ ቤቱን እንፋሎት ይበልጥ ወደ ላይ ይስባል።

ወንፊቱን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በግንቦትና በመስከረም፣ አውርዳችሁ በብሩሽ አጽዱት፤ የሸረሪት ድርና የተርብ ቤት ካለ አንሱት። በግንቦቱ ጽዳት ላይ አሸንዳውንም ከቅጠል ጥረጉ፤ ሞልቶ ወደ ኋላ የሚፈስ አሸንዳ አዲስ በከፈታችሁት የታች ክፍተት በኩል ውሃ ወደ ኮርኒሱ ይመልሳል።